ለስፖርት መኪናችሁ ሰመር ጎማ ነው ወይስ ኦልሲዝን? ዝርዝር መመሪያ

ኦክቶበር ሲጋመስ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «መኪናዋ ሰመር ጎማ ነው ያላት። ልቀይረው ወይስ እንዲሁ ልክረምበት?» ሰመር ለሙቀት ጊዜ የተሠራ ጎማ ነው፤ ኦልሲዝን ደግሞ ለሙቀቱም ለብርዱም ተብሎ የተሠራው። ጠያቂዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ዲሲ የሚኖሩ ወዳጆች ናቸው። አንዱ ሙስታንግ ይነዳል፣ ሌላዋ ቶዮታ ጂአር86። እነሱ ስለ ጎማ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መልሼ ስለ ሰዓት እጠይቃቸዋለሁ፦ በዓመት ውስጥ ይህችን መኪና የምትነዱበት በጣም ቀዝቃዛው ሰዓት የትኛው ነው?

የስፖርት መኪና ጎማ የሚመረጠው በዚያ ሰዓት ነው። የፈረስ ጉልበቱም፣ የጎማው ስምና ማስታወቂያም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንነዳውን ሰዎች አስቤ ነው። በምሳሌነት አብዝቼ የማነሳው ጂአር86ን ነው። ዋጋው ከሌሎች ስፖርት መኪኖች ቀለል ስለሚል ብዙ ወጣት የሚያስበው እሱን ነው።

1. መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን አንብቡ

ብዙ ሰው መኪናው ምን ዓይነት ጎማ እንዳደረገ በእርግጠኝነት አያውቅም። ሲገዛ ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ጠይቋል። ስለ ጎማው ግን የነገረው የለም። የመኪናው ስም ደግሞ አይነግራችሁም፤ አንድ ዓይነት መኪና በሁለት ዓይነት ጎማ ከፋብሪካ ሊወጣ ይችላል። ኮርቬት ሲ8 ስቲንግሬይን ውሰዱ። መደበኛው የሚመጣው በሚሽላን ኦልሲዝን ጎማ ነው። ዜድ51 የሚባለው ጥቅል የተጨመረበት ግን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ የሚባለውን ሰመር ጎማ አድርጎ ይመጣል። የ2022 ጂአር86 ደግሞ በሁለቱም ደረጃዎቹ ሰመር ጎማ ነው ያደረገው። መነሻው በ17 ኢንች ቸርኬ ፕራይመሲ ኤችፒ፣ ፕሪሚየሙ በ18 ኢንች ቸርኬ ፓይለት ስፖርት 4። ስለዚህ ያገለገለ ጂአር86 ገዝታችሁ የቀድሞው ባለቤት ጎማ ካልቀየረ፣ የመጀመሪያውን ብርድ የምትቀበሉት በሰመር ጎማ ነው።

የስልካችሁን መብራት አብሩና የጎማውን ጎን ዙሩት። መጀመሪያ ልኩን ታገኛላችሁ። በጂአር86 ፕሪሚየም ላይ 215/40አር18 ይላል። 215 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 40 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ያለው ድርሻ በመቶኛ ነው። 18 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ቀጥሎ 85ዋይ የሚል ታያላችሁ። 85 እያንዳንዱ ጎማ 515 ኪሎ መሸከም እንደሚችል ይናገራል። ዋይ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ደብልዩ 270፣ ቪ 240፣ ኤች 210 ነው። እንዲህ ባለ ፍጥነት ማንም እንዲነዳ አልመክርም። ነገር ግን ፊደሉ ጎማው ሙቀትንና ኩርባን ምን ያህል እንደሚችልም ይጠቁማል፣ ስለዚህ ስትቀይሩ ከፋብሪካው ደረጃ ወርዳችሁ አትግዙ።

ከዚያ ኤም+ኤስ (M+S) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ካለ ኦልሲዝን ነው ወይም ለብርድ የተሠራ ጎማ ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ኮከብ ምልክትም ካለበት የስኖው ፈተና አልፏል ማለት ነው። ሁለቱም ከሌሉ ያላችሁ ሰመር ጎማ ነው።

መጨረሻ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቃል ተከትለው የሚመጡትን ቁጥሮች እዩ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2321 ካለ በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሙሉው ቁጥር አንዳንዴ በጎማው ውስጠኛ በኩል ስለሚሆን መሪውን አዙራችሁ ከፊት ጎማ ጀርባ ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። ጥርሱ አዲስ የሚመስል ግን ሰባት ዓመት የሞላው ጎማ ያለው መኪና ብዙ ነው፤ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚነዳ። ሚሽላን ጎማ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከ10 ዓመት በላይ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይነዳ ይመክራል።

2. ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ተረዱ

ሰመር ጎማ የተቀመመው በሙቀት ጊዜ አስፋልቱን አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ጎማው እየደረቀ ይሄዳል። ከፍሪጅ የወጣ ቅቤና ምድጃ አጠገብ የዋለ ቅቤ አንድ ናቸው፤ ጣታችሁን ስታሳርፉበት ግን አንዱ ይገፋችኋል፣ አንዱ ያስገባችኋል። የጎማው ጥርስ አዲስ ሊሆን ይችላል። መንገዱም ደረቅ ሊሆን ይችላል። የደረቀ ጎማ ግን በአስፋልቱ ሻካራ ገጽ ውስጥ ሰርጎ አይይዝም። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ከለመዳችሁት ቦታ አልፎ ይቆማል። እንደ ጂአር86 ወይም እንደ ሙስታንግ በኋላ ጎማ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ከመብራት ስትነሱ ጭራው ይወዛወዛል።

45 ዲግሪ ላይ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚሆን ነገር የለም። ቀስ በቀስ ነው። 44 ላይ ተጠንቅቃችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። 30 ላይ ግን ሌላ መኪና የምትነዱ ያህል ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ጥርሱ ነው። የሰመር ጎማ ጥርስ ትልልቅና ደልደል ያለ ነው፣ ቀጫጭን ስንጥቅ የለውም ወይም ጥቂት ነው ያለው። መሪውን ስታዞሩ መኪናው ወዲያው የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ኦልሲዝን ጎማ ጥርሱ ላይ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ስኖው ላይ የሚነክሱት እነዚያ ናቸው። ውህዱም በብርድ ሳይደርቅ ይቆያል። የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። በጁላይ ሙቀት ኩርባ ላይ ስትጫኑት ጥርሱ ይታጠፋል፣ መሪው ትንሽ ይዘገያል፣ ደጋግማችሁ ካሠራችሁት ቶሎ ይግላል።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ማስተካከል አለብኝ። «ሰመር ጎማ ዝናብ አይችልም» የሚባለው ልክ አይደለም። በሞቃት ዝናብ ጥርሱ ያላለቀ ጥሩ ሰመር ጎማ ከኦልሲዝን ባነሰ ርቀት ያቆማል። የውሃ መውጫ ቦዮቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ውህዱም ለእርጥብ አስፋልት የታሰበበት ነው። የኦገስት ዶፍ የሚያስፈራው ጥርሱ ያለቀውን ጎማ ነው፣ ሰመርም ይሁን ኦልሲዝን። ለመኪና ውድድር ሜዳ ተብለው የተሠሩ እንደ ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ያሉት ግን ልዩ ናቸው። ጥርሳቸው ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ውሃ በተኛበት መንገድ ቶሎ ይንሳፈፋሉ። ለየዕለት መንገድ አትግዟቸው።

ሰመር ጎማ የማይችለው ብርድንና ስኖውን ነው። ስኖው ላይ ትንሽ ዳገት እንኳን አይወጣም፣ ቁልቁለት ላይም አያቆምም።

3. ቀዝቃዛውን ሰዓታችሁን ጻፉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ ስለዚህ አትዝለሉት።

በሬገን ናሽናል ኤርፖርት በሚለካው መሠረት የዲሲ የጃንዋሪ አማካይ ከፍተኛ ሙቀት 45 ዲግሪ ገደማ ነው። አማካይ ዝቅተኛው ደግሞ 30 ገደማ። ልብ በሉ፣ በጃንዋሪ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ሰመር ጎማ ገና ድንበሩ ላይ ነው ያለው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያሉት አምስቱ ወሮች የአማካይ ዝቅተኛ ሙቀታቸው ከ45 በታች ነው። ይህ ደግሞ የከተማው ወንዝ ዳር ልኬት ነው። ደለስ ኤርፖርት አካባቢ ሌሊቱ ከዚያም ይበርዳል። ሄርንደን ወይም አሽበርን የሚኖር ሰው የሬገንን ቁጥር አይቶ አይጽናና።

አሁን የራሳችሁን ሰዓት አስቡ። ከቤት የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው? የምትመለሱትስ? ቀኑ የሚበርደው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ናይት ሺፍት ሠርቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ወይም ከኤርፖርት የሚወጣ ሰው መኪናውን የሚያስነሳው በዕለቱ መጥፎ ሰዓት ላይ ነው። እንቅልፉም አለ። በእኛ ማኅበረሰብ እንዲህ የሚሠራ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ይህን አጥብቄ የምለው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሳይበርድ የሚወጣ ሰውና እሱ አንድ ዓይነት መኪና ቢኖራቸውም አንድ ዓይነት ጎማ አይስማማቸውም።

የመኪና ማቆሚያውንም ቁጠሩ። ቤታችሁ ጋራዥ ካለው ጎማው ሞቅ ብሎ ይወጣል። የሥራ ቦታችሁ ፓርኪንግ ግን ሜዳ ላይ ከሆነ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲቀዘቅዝ ውሎ ወይም አድሮ ነው የምትነሱበት። ቁጥሩን የምትወስዱት ከዚያኛው ነው።

የመዝናኛ ጉዞም አትርሱ። ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን ድራይቭ መውጣት የስፖርት መኪና ያለው ሰው ሁሉ ፍላጎት ነው። 105 ማይል ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ ደስ ይላል። ተራራው ላይ ግን ከሸለቆው 10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ታች 52 ሆኖ ስትነሱ ላይ 42 ይጠብቃችኋል፣ ያውም በኩርባና በእርጥብ ቅጠል ላይ።

ስልካችሁ ላይ ያለፈውን ኖቬምበርና ማርች አስታውሳችሁ፣ ወይም የዚህን ሳምንት ትንበያ ከፍታችሁ በእነዚያ ሰዓቶች ስንት ዲግሪ እንደሚል ጻፉ። በየሳምንቱ ከ45 በታች ሆኖ የምትነዱ ከሆነ በዚያ ወቅት ሰመር ጎማ አይሆናችሁም። በወር አንዴ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ቀን መኪናዋን ማሳደር ትችላላችሁ።

ከ20 ዲግሪ ፋራናይት በታች የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። እንዲህ ባለ ብርድ የሰመር ጎማ ጥርስ ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። አምራቾች መንዳት ይቅርና ከቆመበት አታንቀሳቅሱት ይላሉ። ይህ ስንጥቅ በዋስትና አይሸፈንም። ዲሲ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠዋት አንዳንዴ ይመጣል። መኪናዋ ደጅ የምታድር ከሆነና ዘበኛው «መኪናዋን ወደዚያ አስጠጉ» ካላችሁ፣ ለጥቂት ሜትርም ቢሆን ሞቅ እስኪል ጠብቁ።

4. ስለ ስኖው ራሳችሁን አታታልሉ

«ዲሲ ስንቴ ስኖው ይጥላል?» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ አይጥልም። ችግሩ ሲጥል ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን 2016 አንድ ኢንች ያህል ብቻ ጥሎ ከተማውን በሙሉ አንቆ ነበር። በጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ አይ-95 ላይ መቶዎች መኪና ውስጥ አደሩ። ሴናተር ቲም ኬይን 27 ሰዓት እዚያው ቆይቷል። ያን ዕለት መጀመሪያ ዝናብ ስለነበር መንገዱ ላይ ጨው አልተበተነም። ከዝናቡ በኋላ ስኖው መጣ። ጠዋት በዝናብ ወጥታችሁ ማታ በስኖው ልትመለሱ የምትችሉበት አካባቢ ነው የምንኖረው። ሰመር ጎማ ይዞ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ የቆመ መኪና የራሱ ችግር ብቻ አይደለም። ከኋላው ላለው አምቡላንስም እንቅፋት ነው።

ኦልሲዝን ጎማም ሁሉም እኩል አይደለም። ኤም+ኤስ የሚለው ጽሑፍ በጥርሱ ቅርጽ የሚሰጥ ነው፣ በስኖው ላይ ተፈትኖ አይደለም። የተራራው ምልክት ያለው ግን በተረገጠ ስኖው ላይ ተሞክሯል። ያም ቢሆን ፈተናው በዋናነት የሚለካው ከቆመበት የመነሳት አቅሙን ነው። ግግር በረዶ ላይ ማቆምን አይለካም። ብላክ አይስ፣ ማለትም አስፋልቱ ላይ የማይታይ ስስ በረዶ ላይ ኦልሲዝንም አያድናችሁም።

«የኔ በአራቱም ጎማ ነው የሚገፋው» የምትሉ ደግሞ ስሙኝ። አራቱም መግፋታቸው ለመነሳት ይረዳል። ማቆሚያው ግን ሁሉም መኪና ላይ አራት ጎማ ነው። ሰመር ጎማ አድርጎ ከፋብሪካ የሚወጣ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ አለ፤ ስኖው ላይ ከጎረቤቱ ያረጀ ካምሪ የተሻለ አያቆምም፣ ካምሪው ጥሩ ኦልሲዝን እስካለው ድረስ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የመረጋጋት መቆጣጠሪያውም ያለውን ጉልበት ያከፋፍላሉ እንጂ የሌለውን አይፈጥሩም።

5. አሁን ወስኑ

ሌላ መኪና አላችሁ? ከሥራ ወደ ቤት የምትመላለሱበት ራቭ4 ወይም ካምሪ ካለና ስፖርት መኪናዋ የቅዳሜና የበዓል ከሆነች፣ ሰመር ጎማ ግዙ። ምንም አታመንቱ። መኪናዋ የተሠራችው ለዚያ ነው፣ ሌላውን ሌላኛው ይሸፍናል። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፋሲካ ድረስ ሲበርድ ጋራዥ ውስጥ ትቀመጥ።

መኪናችሁ አንድ ብቻ ከሆነች፣ አፓርትመንት ከሆነ ቤታችሁ፣ ሁለተኛ ጎማ የምታስቀምጡበት ከሌለ፣ መልሱ ኦልሲዝን ነው። ከኦልሲዝን ውስጥ ደግሞ ለስፖርት መኪና ተብሎ የተሠራውን ጠንከር ያለውን ዓይነት። «ከሁለት ያጣ ጎመን ነው» የሚሉ አሉ። በድሮው ኦልሲዝን ላይ ይህ እውነት ነበረው። አሁን የሚሠሩት ምርጦቹ ግን በቤልትዌይና በሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ለሚነዳ ሰው፣ በሕግ ፍጥነት፣ የሚያጎድሉበት ጥቂት ነው። ልዩነቱን በግልጽ የምታዩት ትራክ (የመኪና ውድድር ሜዳ) ላይ ወይም በጣም አጥብቃችሁ ስትነዱ ነው።

መኪናችሁ አንድ ሆና ማስቀመጫ ካላችሁ፣ ወይም በዓመት ጥቂት ጊዜ ትራክ የምትወጡ ከሆነ፣ ሁለት ጎማ ያዙ፤ አራት ሰመር፣ አራት ደግሞ ለብርዱ ማለቴ ነው። የኔ ምርጫ ይህ ነው። አንዴ ትልቅ ወጪ ይመስላል፣ ግን አንደኛው ሲነዳ ሌላኛው አያልቅም። በዓመት 10,000 ማይል የምትነዱና ስድስት ሺውን በሙቀት ጊዜ የምትነዱ ከሆነ፣ 30,000 ማይል የሚያስኬድ ሰመር ጎማ በሦስት ዓመት ፈንታ አምስት ዓመት ይቆያል። ተጨማሪ የምታወጡት ለቸርኬውና ለመቀየሪያው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግማሽ ግማሽ ነው። ሁለት ሰመር ከፊት፣ ሁለት ኦልሲዝን ከኋላ፣ ወይም በግልባጩ፣ አታድርጉ። የፊቱና የኋላው እኩል ካልያዙ መኪናው ኩርባ ላይ ሳታስቡት ይዞርባችኋል። አራቱን በአንዴ ቀይሩ።

ከዲሲ ውጭ ላላችሁ በአጭሩ። ዱባይ ወይም ሪያድ ከሆናችሁ ኦልሲዝን የምትገዙበት ምክንያት የለም። ሰመር ጎማ ግዙ፣ የሙቀት ደረጃው ኤ የሆነውን፣ የተመረተበትንም ቀን አጥብቃችሁ እዩ፣ ሙቀት ጎማ ያስረጃል። ቴል አቪቭ አካባቢም የክረምቱ ዝናብ በአብዛኛው በሞቃት አየር ነው፣ ጥሩ ሰመር ጎማ ይበቃል። ጀርመን ያላችሁ ግን ሕግ አለባችሁ። መንገዱ ስኖው ወይም በረዶ ሲኖረው የብርድ ጎማ ግዴታ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ የተራራው ምልክት የሌለው፣ ኤም+ኤስ ብቻ የሚል ጎማ አይቆጠርላችሁም። ቅጣቱ 60 ዩሮና አንድ ነጥብ ነው።

6. ሁለት ጎማ ለሚይዙ

ሁለተኛውን ጎማ ከነቸርኬው ያዙ። በየወቅቱ ጎማ ከቸርኬ እያወለቁ ማስገባት ገንዘብ ይበላል፣ ጎማውንም ይጎዳል፣ ቸርኬውንም ይፍቃል። ለጂአር86 ፕሪሚየም 17 ኢንች ቸርኬ ጥሩ ምርጫ ነው። መነሻው ደረጃ በ215/45አር17 ስለሚመጣ ልኩ የታወቀ ነው፣ ጎማውም ይረክሳል፣ ጎኑ ከፍ ስለሚልም በዲሲ ጉድጓድ ቸርኬው በቀላሉ አይታጠፍም። ያገለገለ ቸርኬ ብዙ ይሸጣል፣ ምክንያቱም ሰው ገዝቶ ወዲያው ትልቅ ይቀይራል። መኪናችሁ ትልቅ ፍሬን የተጨመረበት ከሆነ ግን ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን ማለፉን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

የአየር ግፊት መለኪያ ሴንሰሩም በሁለተኛው ቸርኬ ላይ መኖር አለበት። ከሌለ መብራቱ ክረምቱን በሙሉ ሲበራ ትከርማላችሁ፣ እውነተኛ ችግር ሲመጣም አታውቁም።

ለብርዱ ወቅት ኦልሲዝን ይሁን እውነተኛ ዊንተር ጎማ? ዲሲና ዙሪያዋ ላይ ጃንዋሪም ቢሆን አንዳንድ ቀን 60 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት ዊንተር ጎማ ይለሰልሳል፣ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለከተማው ሰው የተራራው ምልክት ያለው ኦልሲዝን ይሻላል እላለሁ። ፍሬድሪክ ወይም ከዚያ ወዲያ ለሚኖር፣ ወይም ስኖው ቢጥልም ባይጥልም ሥራ መገኘት ላለበት ነርስ ግን ዊንተር ጎማ ነው።

የወለቀውን ጎማ ከማስቀመጣችሁ በፊት እጠቡት፣ አድርቁት፣ የትኛው የት እንደነበር በጠመኔ ጻፉበት። ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ኤሌክትሪክ ሞተር ካለበት ቦታ አርቁት። ከነቸርኬው ከሆነ መደራረብ ይቻላል። ያለ ቸርኬ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

7. የትኛውን ልግዛ?

ጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለ። ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ ይቆያል፣ ዝቅ ሲል የበለጠ ይይዛል። ሚሽላን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ሰመር ጎማ 300 ነው። የዚያው ኩባንያ ፓይለት ስፖርት ኦልሲዝን 4 ደግሞ 540። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ኩባንያዎችን አታወዳድሩበት። የማይል ዋስትናው ይበልጥ ግልጽ ነው። ለመጀመሪያው 30,000 ማይል፣ ለሁለተኛው 45,000። የፊቱና የኋላው ልክ የተለያየ መኪና ላይ ግን ጎማ ማዘዋወር ስለማይቻል ለኋላዎቹ ዋስትናው በግማሽ ይቀንሳል። ፐርፎርማንስ ጥቅል ያለው ሙስታንግ ጂቲ እንዲህ ነው፣ ከፊት 255 ከኋላ 275። ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

ፓይለት ስፖርት ኦልሲዝን 4 የተራራው ምልክት አለው። አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ ይዞ ዓመቱን መክረም ለሚፈልግ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ሌላው ጥሩ ጎማ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪምኮንታክት ዲደብልዩኤስ06 ፕላስ ነው። የተራራው ምልክት የለውም፣ 50,000 ማይል ዋስትና ግን አለው። የምወድለት ነገር ጥርሱ ላይ የተቀረጹት ሦስት ፊደላት ናቸው፦ ዲ፣ ደብልዩ፣ ኤስ። ዲ ለደረቅ፣ ደብልዩ ለእርጥብ፣ ኤስ ለስኖው። ጎማው ሲያልቅ መጀመሪያ ኤስ ይጠፋል። ያኔ ለስኖው አይበቃም። ቀጥሎ ደብልዩ ይጠፋል፣ ያኔ ዶፍ ዝናብ ላይ አትመኑት። ጎማ የሚባለውን ነገር የማያውቅ ሰው እንኳን አይቶ ይገባዋል።

ሌላ ጎማ ላይ ሳንቲም ይበቃችኋል። የ25 ሳንቲሙን የዋሽንግተንን ራስ ወደ ታች አድርጋችሁ በጥርሱ መሀል አስገቡ። የፀጉሩ ጫፍ ከታየ ከ4/32 ኢንች ያነሰ ቀርቷል፣ ለዝናብ መቀየር አለበት። ሕጉ እስከ 2/32 ይፈቅዳል። ሕጉ የፈቀደው ግን አያቆማችሁም።

የጎማ ሱቅ ሄዳችሁ «ይህ ይሻላል» እያሉ መጋዘን ውስጥ ያለውን ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ። ልኩን፣ የሸክምና የፍጥነት ደረጃውን፣ የጎማውን ሙሉ ስም ጽፋችሁ ሂዱ። ከመገጠሙ በፊት የተመረተበትን ሳምንት ራሳችሁ እዩ። ሁለት ዓመት የቆየ ጎማ በአዲስ ዋጋ አትቀበሉ።

8. የሚገጠም ዕለትና ከዚያ በኋላ

ባላንስ ይሠራለት። አላይመንትም አሠሩ፣ በተለይ የድሮው ጎማ በአንድ ጎኑ ከበላ። ዳዶውን በአየር መሣሪያ እንዳያጠብቁት ንገሯቸው። በመለኪያ ቁልፍ፣ የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ በሚለው ልክ ይጥበቅ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ስለሚመጣ ለመጀመሪያዎቹ 500 ማይል ረጋ ብላችሁ ንዱ።

የአየሩ ግፊት በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን እንጂ ጎማው ጎን ላይ ባለው አይሁን፤ እሱ ከፍተኛው ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይቀንሳል። በ75 ዲግሪ 35 የሞላችሁት ጎማ በ25 ዲግሪ ጠዋት 30 ገደማ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው መብራት ግን የሚበራው ከሚገባው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፣ ማለትም 26 ገደማ ሲደርስ። ስለዚህ መብራቱ ስላልበራ ደህና ነው አትበሉ። በየወሩ፣ መኪናው ሳይነሳ በፊት፣ በራሳችሁ መለኪያ ለኩ።

ሁለት ጎማ የያዛችሁ በሃሎዊንና በታንክስጊቪንግ መካከል ሰመሩን አውልቁ፣ ፋሲካ አካባቢ ሌሊቱ ከ45 በላይ መሆኑን አይታችሁ መልሱት። በተቀየረ ቁጥር 50 ማይል ከነዳችሁ በኋላ ዳዶውን በመለኪያ ቁልፍ እንደገና አረጋግጡ። ከ50 ማይል በኋላ የላላ ዳዶ ካገኛችሁ አራቱንም ጎማ ደግማችሁ አጥብቁ፣ ሌላ 50 ማይል ከነዳችሁ በኋላም አንድ ጊዜ ጨምራችሁ እዩት።